አርባ ከፊት፣ ሃምሳ ከኋላ

የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትደውል ወሬዋ የሚጀምረው በእናቴ ጉልበት ነው። «ጉልበቷን ተሻላት?» ትላለች። ያን ቀን ግን ጉልበቱን ዘለለችው።

«ስማ፣ ለፋሲካ መምጣቴ ነው። ኪሎ ተርፎኛል። ምን ላምጣልህ?»

ጫማ ማለት እችል ነበር። ስልክም ማለት እችል ነበር።

«ቸርኬ» አልኳት።

«የመኪና?»

«የሳይክል። የካርቦን። ጥልቅ የሚሉት አለ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። «እሺ፣ ጥልቀቱ ስንት ይሁን?»

አሁን ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስመኘው የኖርኩትን ነገር ልኩን ስጠየቅ መልስ አጣሁ። «ነገ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ያ «ነገ» አምስት ሳምንት ፈጀ።

እሷ ባለችበት አገር ሰው ዕቃ ገዝቶ ካልተስማማው ይመልሳል። የእኔ ዕቃ ግን አንዴ ዓባይን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ ከገባ ማን ይመልሰዋል? ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ቸርኬው ብቻውን ከዳር እስከ ዳር ከ60 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ለብቻው ካርቶን ይፈልጋል፤ ካርቶኑን እየገፋች አውሮፕላን ማረፊያ የምትንከራተተውም እሷ ናት። ስለዚህ ምርጫው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ተራ የሳይክል ቸርኬ ቀጭን ቀለበት ነው። ከጎማው እስከ ውስጠኛው ጠርዝ ቢለካ 20 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጥልቅ የሚባለው ወደ መሃል ይወርድና 40፣ 50፣ 60፣ አንዳንዱም 80 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ግድግዳው ሲሰፋ ሽቦው ያጥራል። ነፋሱም ጎማውን መትቶ ከመበተን ይልቅ በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ቅርጽ በአሉሚኒየም ቢሠሩት ይከብዳል፤ ካርቦን የገባው ለዚህ ነው። የ50ው ጥንድ አብዛኛውን ጊዜ 1,500 ግራም አካባቢ ነው። የእኔ አሮጌ አሉሚኒየም ከዚያ ይበልጣል፤ ያውም ጥልቀት የሌለው።

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የማረከኝ የነፋሱ ነገር አይደለም። ድምፁ ነው። ባሕር ዳር፣ ዘንባባዎቹ ሥር፣ ቀስ ብዬ ስሄድ አንድ ልጅ ከኋላዬ መጥቶ አለፈኝ። ባሕር ዳር ላይ ሳይክል ብርቅ አይደለም። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ተማሪውም ሠራተኛውም በሳይክል ሲመላለስባት ኖሯል። ይሄኛው ግን ሲያልፍ ባዶ እንስራ አፍ ላይ ሲነፉ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ አሰማ። ረዥም፣ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ። ጥልቁ ቸርኬ ውስጡ ባዶ ስለሆነ የአስፋልቱን ንዝረት እንደ ከበሮ ያጎላዋል። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም። ፔዳሉን ረስቼ ቆሜ አየሁት።

ያ ልጅ በኋላ ጓደኛዬ ሆነ። የአክስቴን ልጅ «ነገ» ካልኳት በኋላ ወደ እሱ ደወልኩ። «60 ናቸው፤ ለአንድ ሳምንት ውሰዳቸውና ሞክራቸው» አለኝ። እንዲህ ያለ ጓደኛ ይስጣችሁ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በገላጣ ደጋ ነው። ግራ ቀኙ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው። የባሕር ዛፍ ደን አጠገብ ስትደርስ ነፋሱ ቁርጥ ይላል። ደኑ ሲያልቅ በር እንደተከፈተ ሆኖ ከጎን ይመታሃል። በአሮጌዋ አሉሚኒየም ይህንን ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፤ ልብ ብዬውም አላውቅ። በ60ው ግን የመጀመሪያው ደን ሲያልቅ መሪው ከእጄ ሊወጣ ምንም አልቀረው። አንድ ሰው መሪውን ይዞ «ወዲህ ና» ያለኝ መሰለኝ።

ሉማሜ ሳልደርስ ደግሞ አይሱዙ መጣ። ከፊት ለፊት፣ ጭነቱ ከላይ ሞልቶ፣ እንደ ልማዱ የመንገዱን መሃል ይዞ። ሲደርስብኝ ነፋሱ ወደ ዳር ገፋኝ። ሲያልፈኝ ደግሞ መልሶ ወደ ራሱ ሳበኝ። ግፊቱን እጠብቀው ነበር። ስበቱን አልጠበቅሁም። ከአስፋልቱ ወጥቼ ጠጠሩ ላይ ቆምኩ። አህያ ሲነዳ የነበረ ልጅ «አይዞህ! ሰክረህ ነው?» አለኝ። የአሽሙር ጥያቄ አልነበረም።

እኔ 58 ኪሎ ነኝ። ይህ ነገር ዋናው ነው፤ የጎንዮሽ ነፋስ ቀላልን ሰው አይምርም። 85 ኪሎ የሚመዝነው ሰው «60 ምንም አይልም» ቢል አልዋሸም፤ ለእሱ አይልም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳብላላው የገባኝ ይህ ነው። ነፋሱ ሁለቱንም ጎማ ይገፋል። የሚያስፈራው ግን የፊቱ ነው፤ የፊቱ ከመሪው ጋር ይዞራልና። ሰፊው ግድግዳ ሲገፋ መሪው አብሮ ይጠመዘዛል። የኋላው አይዞርም፤ ገላህ ከላይ ተጭኖታል፣ ቢገፋም ጠቅላላ ሳይክሉን ነው የሚገፋው። ለዚህ ነው ብዙ ጋላቢ ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ ከፍ ያለ ቸርኬ የሚገጥመው። ቅርጹም ልዩነት አለው። የድሮዎቹ ጥልቅ ቸርኬዎች ወደ ውስጥ እንደ ጦር ጫፍ ይሾሉ ነበር፤ ነፋሱ በድንገት ይለቃቸውና ያስደነግጣሉ። የአሁኖቹ ወፈር ብለው፣ ጀርባቸው ክብ ስለሆነ ረጋ ይላሉ። የጓደኛዬ ከድሮዎቹ ነበር።

እንግዲህ 60 ከዝርዝሩ ወጣ። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበርም ከእኔ ብዙም የራቀ አይመስልም፤ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ሁሉም ጋላቢ በአንድ ላይ ተነሥቶ በሚጋልብባቸው የጎዳና ውድድሮች ላይ ከ65 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ቸርኬ ከልክሏል። እነሱ ግን አይሱዙ አላዩም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ራስ የሚያዞር ነው። ለመሆኑ ጥልቅ ቸርኬ እኛ አገር ምን ያህል ይጠቅማል?

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር አያንስም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ወለል ላይ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ይህን ሁላችንም በሳንባችን እናውቀዋለን። ከቆላ የመጣ እንግዳ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው ለዚህ ነው። የሳሳ አየር ሳንባን ይበድላል እንጂ ሳይክሉን ይጠቅማል፤ የሚቃወመው ነፋስ ይቀንሳልና። ዝነኛው ሳይክለኛ ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን (በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጋለብ ርቀት ነው) ለመስበር ከቤልጂየም ተነሥቶ ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ይህን ፍለጋ ነው። 49.431 ኪሎ ሜትር ጋለበ። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሞዘር በ1984 እዚያው ከተማ ሄዶ 51.151 አደረሰው። ሞዘር የገጠመው ሽቦ የሌለው፣ እንደ ምጣድ ድፍን የሆነ ጎማ ነበር፤ ከፊትም ከኋላም። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር አካባቢ ናት። መርክስ ሳንባው እስኪቃጠል የፈለገውን አየር እኛ መንቆረር ላይ በነፃ እንተነፍሰዋለን። (ደብረ ማርቆስን መንቆረር ማለት ደስ ይለኛል። የድሮ ስሟ ነው።)

ነገሩ ግን ሌላ ጎን አለው። ነፋሱ ራሱ ከቀነሰ፣ ነፋስን የሚቀንሰው ቸርኬ የሚያተርፍልኝም ይቀንሳል። ካታሎግ ላይ «10 ዋት ያተርፋል» የሚል አየህ እንበል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰም ሲያይ ወርቁን ይፈልጋል። ወርቁ ከታች በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፤ «በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር» ይላል፣ አንዳንዱም 48። እኔ በሜዳ ብቻዬን ስጋልብ 30 ነኝ። ነፋስ የሚበላው ጉልበት ደግሞ የሚያድገው ፍጥነቱን ሦስት ጊዜ በራሱ እንደማባዛት ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ወደ ታችም ሲሄድ እንደዚያው ነው። በ45 የነበረው 10 ዋት በ30 ሲሰላ 3 ይሆናል። ከሱ ላይ የሳሳውን አየር ስትቀንስ 2 ተኩል አይሞላም።

ሁለት ተኩል ዋት! የአምፖል ጭላንጭል።

ለካታሎጉም ጥብቅና ልቁምለት፤ በደቂቃ ሲታሰብ ኪሳራው ይህን ያህል አያስከፋም። ቀርፋፋ ሰው መንገድ ላይ ብዙ ይቆያል፤ ትንሿ ትርፍ ረዥም ሰዓት ትጠራቀምለታለች። ግን አንድ ነገር አይካድም። ከጠቅላላው የነፋስ ተቃውሞ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የጋላቢው ገላ ነው። ክርን አጥፎ ዝቅ ማለት ከየትኛውም ቸርኬ በላይ ያተርፋል፤ ሻንጣም ካርቶንም አይፈልግም። ይህን ለራሴ ነገርኩት። ራሴ አልሰማኝም።

ስለ ክብደትም ብዙ ይወራል። 300 ግራም የቀለለ ቸርኬ ዳገት ላይ ያበራል ይሉሃል። ከነሳይክሌ 68 ኪሎ ገደማ ነኝ። 300 ግራም ከዚያ ላይ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከመውጣቴ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ብተው ያው ነው። የሚሽከረከር ክብደት ሲነሡና ፍጥነት ሲጨምሩ ይሰማል፤ ጮቄን ቀስ እያለ ለሚወጣ ሰው ግን ግራም ግራም ነው። ይህንን በዚሁ ልለፈው።

የዓባይ በረሃን ግን በዋዛ አላልፈውም።

የእኔ ሳይክል የድሮ ናት። ፍሬኗ ዲስክ አይደለም፤ ሁለት የፍሬን ጎማዎች ቸርኬውን ራሱን ግራና ቀኝ ጨብጠው ነው የሚያቆሙት። ባለ ዲስክ ሳይክል ያለው አንባቢ ይህን አንቀጽ ሊዘለው ይችላል፤ የእሱ ሙቀት የሚያርፈው ዲስኩ ላይ እንጂ ቸርኬው ላይ አይደለም። የእኔ ግን ቁልቁለቱን በያዝኩ ቁጥር ግጭቱ የሚፈጥረው ሙቀት ቸርኬው ውስጥ ይገባል። አሉሚኒየም ሙቀቱን ተቀብሎ ቶሎ ለአየሩ ይሰጣል። ካርቦን አይሰጥም፤ እዚያው ያምቀዋል። ካርቦን ስንል ደግሞ ክር ብቻ አይደለም፤ ክሩን አንድ ላይ የያዘ ሙጫም አለው። ሙጫው ከልኩ በላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል።

ከደጀን እስከ ድልድዩ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ያወርዳል። አንድ ማታ ወረቀት ይዤ አሰላሁት። 68 ኪሎ ከ1,000 ሜትር ላይ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር ሁለት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። እርግጥ አብዛኛውን ነፋሱ ይወስደዋል፤ ፍሬን ሳትነካ ብትለቀው ማለት ነው። ግን ዓባይ በረሃን ማን ፍሬን ሳይነካ ይወርዳል? ከፊትህ ተሳቢ አለ። በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ይወርዳል። ለማለፍ ኩርባው አያሳይህም። ስለዚህ ፍሬን ጨብጠህ ከኋላው ትጎተታለህ። ለካርቦን ቸርኬ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ ለቆ፣ ማቀዝቀዝ አለበት እንጂ ለስለስ አድርጎ ሳይለቁ መጎተት ይገድለዋል።

የማውቀው አንድ ልጅ በዚህ ተቀጥቷል። ስም የሌለው ርካሽ የካርቦን ቸርኬ ገጥሞ ወረደ። መሃል ላይ ፍሬኑን በነካ ቁጥር «ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ» ይለው ጀመር። የቸርኬው ግድግዳ አብጦ ነበር። ቆሞ ሲያየው እንደ እባጭ ጉብ ብሏል። ቆሞ እያለ ካላማዳሪው ፈነዳ። ቆሞ መሆኑ እግዚአብሔር ነው። ቀሪውን በአይሱዙ ተጭኖ ወጣ።

ጥሩ ቸርኬ የሚሠሩት ሙቀት የሚችል ሙጫ ይጠቀማሉ፤ ለካርቦን ተብሎ የተሠራ የፍሬን ጎማም አብረው ይልካሉ። ያንን መጠቀም ግድ ነው። አሉሚኒየም ላይ ሲሠራ የኖረ የፍሬን ጎማ ላይ የብረት ብናኝ ተሰክቶ ይቀራል፤ ካርቦኑን ይፍቀዋል። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ካርቦን በፍሬን ቶሎ አይያዝም። ክረምቱ እንደ ጎጃም የሚዘንብበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በመጨረሻ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ዓባይ በረሃን የምወርድ ቀን አሮጌዋን አሉሚኒየም ከነፍሬን ጎማዋ እመልሳለሁ። አሁንማ ረዥም መንገድ እንደ ልብ በማይወጣበት ጊዜ፣ ደጀን ራሱ ሩቅ ሆኗል።

የቀረኝ ጋሼን ማማከር ነበር። ጋሼ የምንላቸው ሳይክል ጠጋኛችን ናቸው። ትውልዳቸው እንጅባራ ነው፤ ከሳይክል በፊት ፈረስ ያውቃሉ። የጓደኛዬን 60 ሳመጣላቸው ከመንካታቸው በፊት ዞረው አዩት። ከዚያ በጥፍራቸው ቆርቆር አደረጉት።

«ባዶ ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ካርቦን ነው።»

«ድንጋይ ሲያገኘውስ?»

ጥያቄው ይህ ነበር። እኛ መንገድ ላይ ጉድጓድ ብቻ አይደለም ያለው። መኪና ሲበላሽ ሾፌሩ ከኋላው ድንጋይ ይደረድራል። መኪናው ተጠግኖ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ይቀራል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ድንጋይ ሲመታው ይጎብጣል። ጋሼ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ይመልሱታል፤ የእኔን ሁለት ጊዜ መልሰውታል። ካርቦን አይጎብጥም። ወይ ይችለዋል፣ ወይ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ የጋሼ መዶሻ አያድነውም።

«ጎማውን ወፈር አድርገው» አሉኝ። ልክ ናቸው። በ25 ሚሊ ሜትር ፈንታ 28 ጎማ፣ ውስጡ የሚነፋው አየርም ትንሽ ቀነስ ተደርጎ፣ ቸርኬውን ከድንጋይ ይጠብቃል። የአሁን ቸርኬዎችም ሰፊ ስለሆኑ 28 ይመቻቸዋል።

ሽቦውን ደግሞ በጣታቸው እየነካኩ መረመሩ። «ይህ አንገቱ ታጥፏል ወይስ ቀጥ ያለ ነው?» ሳላውቅ ቀረሁ። አንገቱ የታጠፈ ሽቦ የተለመደው ነው፤ አዲስ አበባ ፈላልገህ ታገኛለህ። ቀጥ ያለው ግን የራሱ ዓይነት ነው። ደግሞ ማጥበቂያዋ ፍሬ ከቸርኬው ውጭ ብትሆን ይሻላል አሉ። ውስጥ ከተደበቀች አንድ ሽቦ ለማስተካከል ጎማና ካላማዳሪ መፍታት ግድ ነው። «መለዋወጫ ሽቦ አብሮ ይምጣ፤ ከግራም ከቀኝም።» ይህን ሁሉ ምክር አንድም ካታሎግ ላይ አላነበብኩትም።

ልሄድ ስል «ግን ትፈጥንበታለህ?» አሉኝ።

«ትንሽ።»

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በአምስተኛው ሳምንት ደወልኩላት። «ያዢ፣ ጻፊ» አልኳት። ከፊት 40፣ ከኋላ 50። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን እንጂ ዲስክ አይደለም። ባለ 11 ማርሽ። ሽቦው አንገቱ የታጠፈ። ማጥበቂያው ውጭ። መለዋወጫ ሽቦ። የካርቦን የፍሬን ጎማ፣ አራት። ባለ 28 ጎማ፣ ሁለት።

«ይኼ ሁሉ ለሁለት ጎማ?» አለች። «ያገባህ እንደሆነ ሚስትህን እንዲህ መርምረህ ነው የምታገባው?»

ፋሲካ ደረሰ። እሷም ደረሰች፤ ካርቶኑም ደህና ደረሰ። ምንም አልጎደለም። ሁሉንም ነገር ይዤ፣ ልቤ እየመታ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጎማውን ገጠሙ። ካላማዳሪ አስገቡ። ከዚያ ቆሙ።

«አፉ የታል?»

የካላማዳሪው ቫልቭ። በአሮጌው ቸርኬ ብቅ ይል የነበረው ቫልቭ በአዲሱ ግድግዳ ውስጥ ሰጥሞ ቀርቷል። 50 ሚሊ ሜትር ግድግዳ አልፎ ለመንፊያ የሚበቃ ጫፍ እንዲተርፈው 80 የሚሆን ቫልቭ ያስፈልጋል። አምስት ሳምንት ሙሉ መርክስን፣ ሞዘርን፣ የዓባይን ሙቀት ሳሰላ ይህችን አንዲት ነገር አልጻፍኳትም።

ማርቆስን ዞርኳት፤ የለም። ባሕር ዳር ያለው ጓደኛዬም ትርፍ የለውም። አዲስ አበባ አንዱ ጋ 60 ሚሊ ሜትር ተገኘ። 60 ለፊቱ 40 ይበቃል። ለኋላው 50 አይበቃም፤ የመንፊያው አፍ የሚይዘው ጫፍ አይተርፍም።

ስለዚህ ዛሬ፣ ሰኔ ገብቶ፣ የፊቱ ካርቦን ነው። የኋላው ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ «የልጄ ነው፣ ከውጭ የመጣ» ትላለች፤ ምን እንደሆነ ግን አትነግራቸውም። ጥልቁ ከኋላ፣ ዝቅ ያለው ከፊት ብዬ ይህን ሁሉ የሰበክሁ ሰው፣ ጥልቁን ከፊት አድርጌ ከኋላ በአሮጌ አሉሚኒየም እየዞርኩ ነው። ድምፁም ግማሽ ነው።

ጋሼ ሲያዩኝ አሁንም ይስቃሉ። «ሙሽራው በአንድ እግር ጫማ መጣ» ይላሉ።

ለእንቁጣጣሽ የሚመጣ ሰው አለ። ጽፌ ልኬያለሁ፦ 80 ሚሊ ሜትር፣ አራት ፍሬ።